የመክት ልብ

መክት በአዋሽ የከባድ መኪና ማቆሚያ በር ሥር ተጋድሟል። ስንቱን የጎማ ሌባ አጥር ላይ ያንጠለጠለ ውሻ፣ ዛሬ ዝንብ እንኳ አልፈራውም።

ዶክተር ሀምዳ ከሰመራ ወደ አዋሽ የመጣችው ግመል ልትከትብ ነበር። የግቢው ባለቤት አቶ አበጀ ሰው ልኮ አስጠራት። ስትደርስ ግን ፍርዱ ተሰጥቶ አልቋል። ዘበኛው ሙሐመድሰዒድ ልብሱን በፌስታል ይዞ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ሾፌሮቹ በክፉ ዓይን እያዩት ያልፋሉ። በዚያ መንገድ ደግሞ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል፤ ይሄኛው የሾፌሮቹ ማደሪያ ዲቾቶ ከደረሰ፣ ከጅቡቲ ወዲህ ለሙሐመድሰዒድ ግቢ አደራ የሚሰጥ ሰው አይገኝም።

«መርዝ ነው» አለ ቻላቸው፤ የአቶ አበጀ የእህት ልጅና የግቢው ኃላፊ ነው። «ይኸው የአይጥ መርዝ፣ ከዘበኛው ፍራሽ ሥር ያገኘሁት። ትናንት ውሻው ደህና ነበር። ሰውየው እንደሆነ ውሻ አይወድም፤ በእጁ እንኳ ነክቶት አያውቅም።»

«እኔም ያለ ጓንት አልነካም» አለች ሀምዳ። «ታዲያ እኔም ልጠርጠር?»



ሀምዳ በድኑን ጥላ ሥር አስወስዳ ጎንበስ አለች። ከመክፈቷ በፊት በውሻው ቀኝ ጎን ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ እዚያ ጋ ፀጉሩ ከሌላው አጥሯል። ሆዱን ስትከፍት ቢጫ ውሃ ፈሰሰ። ደረቱን ስትከፍት የልቡ ከረጢት እንደ ፊኛ ተነፍቶ አገኘችው፤ ስትቀደው የጠቆረ ደም ወጣ። ከሥሩ፣ በልቡ ቀኝ በኩል፣ ዕጢ በቅሏል። ድዱን ገልጣ አየች፤ ሳንባውን ደጋግማ አየች። ከዚያ ታጥባ ወደ ሰዎቹ ሄደች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠውን የወሎዋን ሰኢዳን ነው።

«አጥንት ስትሰጪው ይበላ ነበር?»

«ኧረ ምኑን! ከረመዳን በፊት ጀምሮ አሽትቶ ይተወዋል። አንድ ቀን እዚሁ ፊቴ ወደቀ። ለጋሽ አበጀ ብነግራቸው፣ ሰመራ ለሐኪም እንዲያሳየው ከቻላቸው ጋር በመኪና ላኩት።»

«ምን ተባለ?»

«‹ወስፋት ነው፣ መድኃኒት ሰጥተውታል› አለን ቻላቸው።»

ሙሐመድሰዒድ ደግሞ ቀና ብሎ አላያትም።

«ከቻላቸው ጋር ምን አላችሁ?»

«ከሾፌሮቹ መኪና ናፍጣ ሲቀዳ አየሁት። ‹ለአጎትህ ራስህ ንገር፣ አለዚያ እኔ እነግራለሁ› አልኩት።»

«ነገርክ?»

«ወላሂ አልነገርኩም። ይመለስ ይሆናል ብዬ ነው።»

ሀምዳ በዚህ የዋህነት በገነች። ሰመራ ወዳለው ባልደረባዋ ደወለችና ስትጨርስ ሁሉንም በሩ ጋ ሰበሰበች። ሾፌሮቹም ቀረብ አሉ።

«ይሄ መርዝ ደም የሚያቀጥን ዓይነት ነው» አለች። «መክት በልቶት ቢሆን ከድዱም፣ ከሳንባውም፣ ከሆዱም ይደማ ነበር። የደማው ግን የልቡ ከረጢት ውስጥ ብቻ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለውም ደም ሳይሆን ውሃ ነው፤ ልብ ሲታፈን ደም ወደ ኋላ ይቆምና ውሃው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። የደማው ዕጢው ነው።»

«በአንድ ሌሊት?» አለ አቶ አበጀ።

«ከረጢቱ በአንድ ሌሊት አይለጠጥም። በድንገት ቢሆን ትንሽ ደም ይበቃው ነበር። እኔ ያገኘሁት አንድ ጣሳ ሙሉ ነው፤ ይህን ያህል ለመያዝ ቀስ እያለ ሳምንታት ፈጅቶበታል። ስለዚህ ‹ትናንት ደህና ነበር› ውሸት ነው።»

ቻላቸው መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

«ቀኝ ጎኑ በማሽን ተላጭቶ ፀጉሩ ገና እያደገ ነው። እዚያ ቦታ የሚላጨው የልብን ፈሳሽ በመርፌ ለመቅዳት ነው፤ ለወስፋት ማንም ደረት አይላጭም። ባልደረባዬን ጠየቅኩት። ፈሳሹን ቀድቶለት ነበር። ‹ዕጢ ነው፣ አይድንም። ሲሞላ እየቀዳን ጥቂት እናቆየዋለን፤ እስከዚያው ይረፍ፣ አይሩጥ› ብሎ የነገረው ለቻላቸው ነው። ቻላቸው ውሻውን አልመረዘም። እንደሚሞት ግን ያውቅ ነበር፤ ናፍጣ ሲቀዳ ያየውን ሰው የሚያባርርበት ሰበብ አደረገው። መርዙንም ከፍራሹ ሥር ‹ያገኘው› እሱ ራሱ ነው።»

«ጋሼ…» አለ ቻላቸው።

«ወስፋት ነው አልከኝ እኮ!» አለ አቶ አበጀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግን ዘመድ ዘመድ ነውና፣ ሾፌሮቹን ገረፍ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄን እቤታችን እንጨርሰዋለን። ሙሐመድሰዒድ፣ በል ግባ፣ ሥራህን ቀጥል።» ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም።

ሙሐመድሰዒድ ጌታውን የሰማው አይመስልም።

«ዶክተር፣ ይረፍ ነው ያለው ሐኪሙ?»

«አዎ።»

«እኔ ሰነፍክ እያልኩ አጥሩን ሳዞረው ነበር። ሲተኛብኝ በገመድ እጎትተዋለሁ። ትናንት ማታማ አስሮጥኩት።» ወደ በድኑ ዞር አለ። «ባላስሮጠው ዛሬ ይኖር ነበር?»

ሀምዳ መዋሸት ፈለገች፤ እንዲህ ፈልጋ አታውቅም። ግን ጠዋቱን ሙሉ ውሸት ስትፈታ ነው የዋለችው።

«ዛሬን ይደርስ ነበር» አለችው።

ሙሐመድሰዒድ ራሱን ነቀነቀ። አቶ አበጀ «ግባ እንጂ» አለው እንደገና፤ እሱ ግን አስፋልቱን ይዞ ሄደ።