ግማሽ የተላጨው ፊት

ፕሮፌሰሩ በመቁረጫው ክፍል ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰውን አንጎል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አቅጥነው እየቆረጡ፣ በመስታወት ላይ እያነጠፉ፣ የትኛው ነርቭ ከየትኛው እንደሚገናኝ ካርታ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የስንቱን ሰው ጭንቅላት ፈትሸው አውቀዋል፤ አጠገባቸው ቆሞ ሻይ የሚጠጣው ሰው በጭንቅላቱ የሚያስበውን ግን አላወቁም። መማር አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ሩቁን ያሳይና ቅርቡን ይጋርዳል።

ያገኟቸው ጠዋት ሥራ የገቡት ሠራተኞች ናቸው። ጩኸቱ ሳይበርድ መርማሪዋ ደረሰች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሰው ሲያወራላት አንገቷን እየነቀነቀች ታዳምጥና፣ ዱቄቱን ለራሷ አስቀርታ ገለባውን መልሳ ለተናጋሪው ታስታቅፈዋለች።

ከበሩ ሲገቡ በስተቀኝ ረጅም የብረት ቁም ሳጥን አለ። በሩ ተበርግዶ ወደ መተላለፊያው ወጥቷል። ጠርዙ ላይ ደም አለ። የፕሮፌሰሩም ቀኝ ጆሮ ግንድ ተፈንክቷል።

«ሽማግሌ ናቸው፤ ሲገቡ በሩን ገጭተው ወደቁ» አለ አለቃዋ ሰዓቱን እያየ። «አደጋ ነው። ዝጊው።»

«እዘጋዋለሁ ጌታዬ። መጀመሪያ ግን ሰውየውን ልያቸው።»

«ሞተዋል እኮ፤ ምን ታያለሽ?»

«የሞተ ሰው አይዋሽም። በዚህ ክፍል ያለ ሌላው ሁሉ ሊዋሸኝ ይችላል።»

ተንበረከከች። የፕሮፌሰሩ ቀኝ ጉንጭ ጥርግ ብሎ ተላጭቷል። ግራው ላይ ግን ያደረ ሽበት እንደ ታጨደ ማሳ ቂርሚያ ቆሟል። እጆቻቸውን አገላብጣ አየች፤ ጭረት የለባቸውም። ተነሣች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ምክትላቸውን ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ በፕሮፌሰሩ ቤት በልቶ ጠጥቶ፣ በእሳቸው ተምሮ ለወግ ለማዕረግ የበቃ ሰው ነው። እንባው ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ በመሐረቡ ቶሎ ቶሎ ያደርቀዋል።

«ጋሼ ታመው ነበር» አላት። «አንጎላቸው ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ። ሰው እንዳይሰማ ይደብቁታል እንጂ፣ በቀኝ በኩል ያለ ነገር አይታያቸውም። ያን የተረገመ ሳጥን አላዩትም።»

«ይህን ማን ነገረህ?»

«ራሳቸው ናቸዋ! አባት ለልጁ እንደሚነግር።»

«ዛሬ ስብሰባ ነበራችሁ አሉ።»

ምክትሉ ተነፈሰ። «አዎ። ካርታው ላይ ስሕተት አለ ሊሉ ነበር። ምን ስሕተት አለው? ሕመሙ ነው ያናገራቸው። በሰው ፊት ከመዋረዳቸው በፊት እግዜር ሰበሰባቸው።»

እግዜር ስንቱን ባልሠራው ሥራ ይከሰሳል!

መርማሪዋ ከጠረጴዛው ላይ አንድ መስታወት አንሥታ ወደ ብርሃን ዘረጋችው። አንጎሉ እንደ ደረቀ ቅጠል በስሱ ተጣብቆበታል። በአንድ ጎኑ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ምልክት ናት። ቁራጩ ስስ ስለሆነ ከተገለበጠ ግራው ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ ከመቁረጣችን በፊት ግራውን በመርፌ እንወጋዋለን። ቀዳዳዋ ሁልጊዜ በግራ ትሆናለች። የጋሼ ሕግ ነው፤ በዚህ ቤት ግራ ምንጊዜም በግራ ነው።»

«ደግ ሕግ ነው» አለች፣ መስታወቱን በጥንቃቄ መልሳ እያስቀመጠች።

የፕሮፌሰሩ ሚስት አላለቀሱም። ሳሎናቸው ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ መርማሪዋ አፏን ሳትከፍት ቀደሟት።

«ወደቀ ልትሉኝ ነው አይደል?»

«እንደዚያ የሚሉ አሉ፣ እናቴ።»

«ሕመሙ ጣለው ከተባለ የመጨረሻ ቃሉም የበሽተኛ ቅዠት ይሆናል። ‹ካርታው ላይ ስሕተት አለ› ብሏል ባሌ። በዚያ ካርታ እየተመሩ የሰው ጭንቅላት የሚከፍቱ ሐኪሞች አሉ። ቃሉን ከቀበራችሁት ገና ስንት ሰው ትቀብራላችሁ። እኔ ለሬሳው አይደለም የምለምንሽ። ሬሳው ተመልሶ አይነሣም። ቃሉን ነው።»

«ታመው ነበር ግን?»

«ዓይኑ እንጂ አእምሮው አልታመመም! ግራውን ይስታል፣ በቃ። ሳህኑ ላይ የግራውን ትቶ ‹ጠገብኩ› ይላል፤ ሳህኑን ሳዞርለት ‹ከየት መጣ?› ብሎ ይበላል። ጺሙንም ግማሹን እሱ፣ ግማሹን እኔ ነን የምንላጨው። ዛሬ ‹ምርኩዝ ያዝ› ስለው ‹ሽማግሌ አደረግሽኝ› ብሎ ተቆጣ። ሰማንያ ሊሞላው ነው እኮ! እኔም አኮረፍኩና ሳላየው ወጣ። ግማሽ ፊቱን ይዞ ሄደብኝ።»

«ሕመሙን ማን ያውቃል?»

«እኔና ያ የጭንቅላት ፎቶ የሚያነሣው ጓደኛው።»

«ምክትላቸውስ?»

«ኧረ ለሱማ ‹እንዳትነግሪው› ብሎ አስምሎኛል። ‹ልጁ ከሰማ ሥራውን ትቶ እኔን ሲጠብቅ ይውላል› ብሎ።»

የምስል ሐኪሙ የፕሮፌሰሩ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። የሟቹን ጭንቅላት ምስል በስክሪኑ ላይ አመጡና ጣታቸውን በግራ በኩል ወዳለ ነጭ ጠባሳ ሰደዱ።

«ይኸውልሽ። ቀኝ አንጎሉ፣ ከኋላ።»

«በግራ በኩል ነው እኮ ያሳዩኝ፣ ዶክተር።»

ባያዝኑ ኖሮ ይስቁ ነበር። «እኛ በሽተኛውን ፊት ለፊታችን እንደቆመ አድርገን ነው የምናየው። አሁን ቀኝ እጅሽ በእኔ በየት በኩል ነው? በግራዬ። ምስሉም እንደዚያው ነው። አንጎል ደግሞ የሚያዘው ተቃራኒውን ጎን ነው፤ ቀኙ ሲጎዳ ግራ ይጠፋል።»

«ይህን ምስል ሌላ ማን አይቶታል?»

«ማንም!» አሉ ጥያቄዋ ሳያልቅ። ዓይናቸው ግን ከስክሪኑ ሸሽቶ በሩ ላይ ተንጠለጠለ።

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም በመቁረጫው ክፍል ሰበሰበች። ሚስትየው ወንበር ሲሰጣቸው እንቢ ብለው ቆሙ። ሐኪሙ ከቀረበላቸው ወንበር ላይ ተዘፈዘፉ። ምክትሉ መሐረቡን አዘጋጀ። አለቃዋ በሩን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል።

«ከሟቹ ጉንጭ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ፕሮፌሰሩ የተላጩት ቀኙን ብቻ ነው። ግራቸውን ይስታሉ፤ ሚስታቸው ያውቃሉ፣ ምስሉም ይመሰክራል። ቀኛቸውን ግን እንደ እኔና እንደ እናንተ ያያሉ። እንግዲህ ሳጥኑን እዩ።»

ሁሉም ዞሩ። ሳጥኑ በስተቀኝ ቆሟል።

«በሩ በግራ ቢሆን ኖሮ ‹አላዩትም› ብዬ ፋይሌን እዘጋ ነበር። በቀኝ ፊት ለፊታቸው የተበረገደ በር ግን ሄደው አይገጩም።»

«ደሙስ?» አለ አለቃዋ፤ ሰዓቱን ረስቶታል።

«ተቀብቶ ነው ጌታዬ። የቀባው ሰው ፕሮፌሰሩ አንድ ጎናቸው እንደማይታያቸው ሰምቷል፤ የትኛው ጎን እንደሆነ ግን ተሳስቷል። ማን ሊሳሳት ይችላል? ሳህን ሲያዞሩ የኖሩት ሚስት አይሳሳቱም። ምስሉን ያነሡት ሐኪምም ሥራቸው ነው። ከፕሮፌሰሩ ከራሳቸው አፍ የሰማ ሰውም አይሳሳትም።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «አንተ ‹በቀኝ አይታያቸውም፣ ራሳቸው ነገሩኝ› አልከኝ።»

«ደ... ደንግጬ ነው። ምላሴ ስቶ ነው።»

«ምላስህ ስቶ ይሆናል። በሩን የከፈተው እጅህ ግን ከምላስህ ጋር ተስማምቷል። ነገሩን ከእሳቸው አልሰማኸውም፤ ምስሉን አይተህ ነው። ጠባሳው በምስሉ ግራ ነበር። አንተ ደግሞ ስትሠራ የኖርከው ግራ ምንጊዜም በግራ በሚሆንበት ቤት ነው። የሐኪሞቹን ምስል መስታወት ላይ እንደተነጠፈ ቁራጭ አድርገህ አነበብከው። ግራ አንጎል ተጎድቷል፣ ስለዚህ ቀኙ ጠፍቷል አልክ።»

ከጀርባ ሲቃ ተሰማ። የምስል ሐኪሙ ናቸው።

«እኔ ነኝ ያሳየሁት» አሉ። «‹ጋሼ ምን ሆኑብኝ› ብሎ አለቀሰብኝ። ልጁ ነው ብዬ... አንዴ ብቻ ነው ያየው።»

«አንተ!» አሉ ሚስትየው። «ከልጅነት እስከ ሽበት አብረኸው በልተህ፣ አደራውን በአንድ እንባ ሸጥከው? ባትናገር ምን ነበረበት? አፍህ ውስጥ እሳት ነበር?»

ሐኪሙ አንገታቸውን ደፉ። ምክትሉ ግን ተንጠራራ።

«እኔ ጋሼን የምገድለው ለምንድን ነው? ማን አለኝ?»

«ካርታው ላይ አለ ያሉትን ስሕተት አስፈለግሁ» አለች መርማሪዋ። «የመርፌ ቀዳዳ የሌለባቸው መስታወቶች አገኘሁ፤ ግራና ቀኛቸው ተገልብጠው ነው የተደረደሩት። ማን እንደቆረጣቸው የክፍሉ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። መርፌውን ረሳህ፣ ቆይተህ አወቅህ፣ አውቀህ ዝም አልክ። ካርታው በዝምታህ ላይ ተሠራ። የምትቆርጡበትን ቢላዋ የሚያስረው ከባድ ብረትም በጥድፊያ ታጥቧል፤ መጋጠሚያው ውስጥ ግን ደም ቀርቷል።»

ምክትሉ መሐረቡን ጨበጠው። አሁን የሚያብሰው እንባ የለም።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አያዩኝም ብለህ ከቀኝ መጣህባቸው። በቀኝ ግን ያያሉ። ብረቱን ይዘህ ስትመጣ አይተውሃል። ታዲያ አልሸሹም፤ ለመከላከልም እጃቸውን አላነሡም። ምን ብለው ይነሡ? ልጃቸው ነህ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ፈረሱ ግን ቢያንስ ብረት አይዝም።

«ስሜን ሊያጠፉት ነበር!» ብሎ ጮኸ ምክትሉ። «በጉባኤ ፊት! ያሳደጉኝ እሳቸው፣ ሊቀብሩኝ የተነሡትም እሳቸው! ማን ነው የከዳው? እኔ ነኝ የተከዳሁት!»

ሚስትየው ወደሱ ተራመዱ። መርማሪዋ ልትይዛቸው እጇን ሰደደች፤ ፊታቸውን አይታ መልሳ ሰበሰበችው።

«በሞተበት ዕለት ዋዜማ እራት ላይ ምን እንዳለኝ ልንገርህ» አሉ። «‹ቁራጮቹን የገለበጥኳቸው እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። እኔ ምን ይደርስብኛል? የልጁ እንጀራ ገና ነው› አለኝ። ‹ውሸት ነው እኮ› ስለው ‹አባት ያልዋሸለት ልጅ አለ?› ብሎ ሳቀ። ስምህን ሊያነሣው አልነበረም። የራሱን ሊሰጥህ ነበር የሄደው።»

ምክትሉ ወለሉ ላይ፣ ፕሮፌሰሩ ከወደቁበት አጠገብ፣ ቁጭ አለ።

«እትዬ...»

«እትዬ አትበለኝ። ያጎረሰህን እጄን ነክሰህ ስሜን ደግሞ አትጥራ።»

አለቃው ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠ። የምስል ሐኪሙ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«የአንጎል ቀዶ ሕክምና ክፍሉን ላግኝ» አሉ። «ካርታውን መጠቀም እንዲያቆሙ... ቢያንስ ይህን እኔ...»

«አንተ አትነግራቸውም» ብለው ሚስትየው ስልኩን ከእጃቸው ወሰዱት። «ምስጢሩን አደራ ሰጥቶህ ያደረግኸውን አይተናል።»

ስልኩ ተነሣ። የቀዶ ሕክምናው ኃላፊ ሴት ናት፤ ድምፅዋ በክፍሉ ሁሉ ይሰማል።

«የፕሮፌሰሩ ሚስት ነኝ» አሉ። «በዚያ ካርታ ማንንም እንዳትነኩ። ግራና ቀኙ የተገለበጠ ቦታ አለበት። ባለቤቴ በሙሉ አእምሮው ያለው ቃል ነው። ቦታውን መርማሪዋ ታሳያችኋለች።»

«ፈጣሪዬ!» አለች ኃላፊዋ። «ነገ ጠዋት የምንከፍታት ሴት አለች። አሁኑኑ አስቆማለሁ።» ከዚያ ድምፅዋ አመነታ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መዝገብ ላይ ማስፈር ስላለብኝ ነው... ስሕተቱ የማን ነው?»

ምክትሉ፣ እጆቹ በሰንሰለት እየታሰሩ፣ ቀና ብሎ አያቸው። ዓይኑ ይለምናል፤ ገድሎም የሟቹን ስጦታ ይለምናል። ሚስትየው ረጅም ጊዜ አዩት። በልጅነቱ ሲያጎርሱት፣ ሲታመም አጠገቡ ሲያድሩ፣ ሲመረቅ እልል ሲሉለት ያዩት ፊት ነው።

«የባሌ አይደለም» አሉ።