ደጃችን ላይ የቆሙት መኪኖች

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምናችሁ።

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ከስር ምንም አትጻፉ። አንዲት ቃል እንኳን... የሻማ ምልክትም አታድርጉ።

ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ይገባችኋል። ፈጠራ ነው የምትሉኝ ካላችሁ መብታችሁ ነው። እኔም ፈጠራ በሆነልኝ። ግን በዓይኔ ያየሁት፣ አሁንም እያየሁት ያለሁት ነገር ነው።

የጀመረው ባለፈው ማክሰኞ፣ በአበሻ ሰዓት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ዳውንታውን። የምሠራበት ፓርኪንግ መውጫ ላይ ያለችው ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ሃይሚ እባላለሁ። ሰባት ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ስለሠራሁ ሰው የማውቀው በመልኩ ሳይሆን በመኪናው ነው። የዚህን ከተማ አበሻ በፓራውልቱ ጭረት ለይቼ ልነግራችሁ እችላለሁ።

ሌላው ሥራዬ ገጼ ነው። በአበሻ ሰፈራችን ስም "የፌርፋክስ ወሬ" ይባላል። ሠላሳ አንድ ሺህ ተከታይ አለው። ማን አገባ፣ ማን ምግብ ቤት ከፈተ፣ የትኛው ማኅበር ለሁለት ተሰነጠቀ... ሁሉም እዚያ አለ። በፖለቲካ ተሰዳድበው አንዱ ካለበት ምግብ ቤት ሌላው የማይገባ ሰዎች እንኳን እኔ ገጽ ላይ አብረው ይውላሉ።

በተለይ ሰው ሲሞት።

ፎቶ፣ ሻማ፣ ነፍስ ይማር። የዚያን ያህል የሚነበብ ነገር የለም። እኔ ደግሞ መቀደም አልወድም። ወሬ የሚጥመው በትኩሱ ነው እል ነበር።

ኃጢአቴም እዚህ ላይ ነው።

ከአምስት ወር በፊት ተፈሪ የሚባል ታክሲ ነጂ በድንገት አረፈ። አንድ ሰው ጻፈልኝ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ለጠፍኩት። ባለቤቱ እትዬ ሰርክ ግን ገና አልሰሙም ነበር።

ወጋችንን ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሁሉ ቀድሞ ይሰማል፤ ሐዘንተኛው መጨረሻ ነው የሚሰማው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ይደብቀዋል። እህል እንዲቀምስ ያደርጉታል፤ ብቻውን እንዳይሆን፣ መኪና እንዳይነዳ ይጠብቁታል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ።

እትዬ ሰርክ ጋርዴና ሰፈር ውስጥ የሚንከባከቧትን አሮጊት ፀጉር እያበጠሩ ነበር። ስልካቸው ጮኸ። የባላቸውን ፎቶ ከነሻማው... ብቻቸውን አዩት።

ለቅሶ ስሄድ ጋሼ ብርሃነመስቀል በር ላይ ያዙኝ። እዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው አሰባስበው መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው።

"ልጄ፣ ተሰብስበን የምንሄደው ለምን ይመስልሻል? ሰው ብቻውን እንዳይሰማው እኮ ነው።"

"ጋሼ፣ ዘመኑ ተቀይሯል" አልኳቸው።

አዎ፣ ብያለሁ። ምላሴን በቆረጠው።

እትዬ ሰርክ ግን አልተቆጡኝም። እጄን ይዘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"አልረግምሽም ልጄ። አንቺን ግን በወጉ ይንገሩሽ።"

ምርቃት መስሎኝ አሜን አልኩ።

በዚያ ሳምንት ሁለት ሺህ አዲስ ተከታይ አገኘሁ።

እንግዲህ ባለፈው ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የአንድ ሰው መኪና ፎቶ ለጠፍኩ። ፌርፋክስ ላይ ሁለት ቦታ ይዞ የቆመ መኪና ነው። ከስሩ አላገጥኩበት። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሰው ይረባረባል።

አንድ ሰዓት አለፈ።

ዜሮ።

አንድ ላይክ የለም። አንድ ሰው አልሳቀም። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ አጠፋሁት፣ መልሼ አበራሁት።

ዜሮ...

የማኅበራችን ግሩፕ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው አለ። ጠዋት ሲነታረኩ ነው ትቻቸው ሥራ የገባሁት። አሁን ከፍቼ ሳየው ጭጭ ብሏል።

ወዲያው ፀዲ ደወለች። ፀዲ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ያላት ጓደኛዬ ናት። ስትስቅ መንገድ ማዶ ትሰማለች። ያን ቀን ግን ታንሾካሹካለች።

"ሃይሚ... የት ነሽ?"

"ሥራ ነኛ። ምን ሆነሻል?"

"ብቻሽን ነሽ?"

"እዚህ ሳጥን ውስጥ ከማን ጋር እሆናለሁ?"

"ኦኬ... በልተሻል?"

"ፀዲ፣ ምንድነው?"

"ምንም። ሶ... ስትወጪ እኔ ጋ ነይ። ድራይቭ እንዳታደርጊ። ሰው እልክልሻለሁ።"

ዘጋችው።

ብቻሽን ነሽ? በልተሻል? እንዳትነጂ...

እነዚህን ጥያቄዎች አውቃቸዋለሁ።

እኔ የሚሞትብኝ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለኝ። እናትና አባታችን ካረፉ ቆይተዋል። አጎት የለ፣ አክስት የለ። ወንድሜ ኢዮኤል ብቻ። ያሳደገኝም፣ ያስተማረኝም፣ እዚህ ያመጣኝም እሱ ነው። ኢንግልዉድ አንድ ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል በቫን እንግዳ ያመላልሳል።

ደወልኩለት። አያነሳም።

እንደገና... አያነሳም።

የሚላከውን ሰው አልጠበቅኩም። ራሴ እየነዳሁ ፌርፋክስ ደረስኩ።

ፀዲ ቤት ስድስት ወይም ሰባት ሰው ነበር። ስገባ ሁሉም ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሁሉም... በአንድ ጊዜ።

ፀዲ አቀፈችኝ። ከወትሮው ረዘመብኝ። ከዚያ ሽሮ አቀረበች።

"አልራበኝም።"

"ቅመሺ። ለኔ ብለሽ።"

ስልኬን ከእጄ ወሰደችው። "ቻርጅ ላድርግልሽ።"

"ሙሉ ነው እኮ!"

"ይሁን። ብዪ አንቺ።"

ዞር ስትል የራሷ ስልክ ከሽርጧ ኪስ ብቅ ብሎ በርቷል። የኔ ገጽ ነው የተከፈተው። እኔ ያልለጠፍኩት ነገር አለበት። ከላይ ሻማ... ከሻማው ስር የአንድ ፎቶ ጠርዝ... ቢጫ ነገር።

ኢዮኤል ሥራ ላይ የሚለብሰው ሰደርያ ቢጫ ነው።

"ፀዲ፣ አሳዪኝ እሱን።"

"ምንም አይደለም የኔ ቆንጆ። ብዪ።"

ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ያን ጊዜ ባንኮኒው ላይ ያለው ስልኬ ጮኸ። አንገቴን አስግጌ ስሙን አየሁት።

ኢዮኤል።

ዘልዬ አነሳሁት።

"አንተ! የት ነህ? ገደልከኝ እኮ!"

"ቤት ነኝ።" ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው። "ነይ።"

"ደህና ነህ?"

"ነይ በቃ።"

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ። "ይኸው! ኢዮኤል ነው! ደህና ነው!" ብዬ ስልኩን ለፀዲ ዘረጋሁላት።

አልተቀበለችኝም። በእጇ አፏን ያዘች። ከጀርባዋ አንዱ ወንድ ጣራ ጣራውን ያያል።

ማንም አልሳቀም።

ሰፈራችን ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እኛ መንገድ ላይ መኪና ማቆሚያ ጠፍቶ አያውቅም። ያን ቀን ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። መኪናዬን ማዶ ጥዬ በእግሬ መጣሁ።

መኪኖቹን አወቅኳቸው።

የጋሼ ብርሃነመስቀል ብርማ ካምሪ። የእትዬ ሰርክ ሰማያዊዋ፣ የቀኝ መብራቷ በፕላስተር የተያዘው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጥቁር መኪና። ሊቀመንበሩን የከሰሰው ሰውዬ ነጭ መኪና ደግሞ ከኋላው። አሥራ ዘጠኝ ቆጠርኩ።

በእያንዳንዱ ውስጥ ሰው ተቀምጧል።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አያወሩም። አይወርዱም። ሳልፍ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ጎህ እስኪቀድ እየጠበቁ ነው።

በራችን ፊት ለፊት አንድ ቦታ ክፍት ትተዋል። እኔ ቦታ በዓይኔ እለካለሁ፤ ሥራዬ ነው።

የቫን ልክ ነው።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። ኢዮኤል ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል!

ጮኼ አቀፍኩት። ትከሻው ይሞቃል። ልብሱ ግን ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ፊቱ ሻይ አለ። ቢጫ ሰደርያውን አላወለቀም። ጫማውንም አላወለቀም... እሱ ቤት ውስጥ በጫማ ተራምዶ አያውቅም። እኔን ሲቆጣኝ የኖረ ሰው ነው።

"ቫንህ የታለ?"

"ፓርክ አድርጌዋለሁ።"

"የት?"

ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ።

መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ።

"እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው?"

"አላውቅም።"

"መርዶ ነው አይደል?"

መጋረጃውን መለስኩት።

"ሃይሚ... እዚህ ቤት ካንቺና ከኔ ሌላ ሰው የለም።"

"አውቃለሁ።"

ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ።

"ላንቺ ነው ወይስ ለኔ?"

መርዶ ለቀሪው ነው የሚነገረው። የኢዮኤልን ስም ከጠሩ የሞትኩት እኔ ነኝ። የኔን ስም ከጠሩ ግን...

ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ግድግዳውን ተደግፌ ጸለይኩ። የሱን ስም ጥሩ አልኩ። የሱን። እባካችሁ የሱን።

ሁለታችንም ሳንተኛ ነጋ። ሻዩ እንደተቀዳ አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመኪና በሮች መከፈት ጀመሩ። አንድ... ሁለት... ከዚያ ሁሉም። የጫማ ኮቴ። የሽማግሌ ሳል። ደረጃችን ሲንቋቋ ሰማሁ።

በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። የጋሼ ብርሃነመስቀል ድምፅ ነው። ለስለስ ያለ፣ የአባት ድምፅ።

"ሃይሚ... ክፈቺ ልጄ።"

ወደ ኢዮኤል ዞርኩ። ቀድሞም እያየኝ ነበር።

"አትክፈቺ" አለኝ።

አልከፈትኩም።

ይኸው ዛሬ ዓርብ ነው። በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ያንኳኳሉ። በሩን አይሰብሩም፣ አይጮኹም። እኔ ገጼን አልከፈትኩም። ማንም ሲደውል አላነሳሁም። እስካልሰማሁ ድረስ አልሆነም። ጅል በሉኝ። አብሮኝ ተቀምጧል እኮ! ስንቱን ሰው በሦስት ደቂቃ ያረዳሁ ሴት፣ ለራሴ ሦስት ቀን አልበቃኝም።

ሻዩን ግን እስካሁን አልቀመሰም።

ዛሬ ጠዋት ሲያንኳኩ ኢዮኤል አንገቱን ደፍቶ ነበር።

"ሃይሚ..."

"ወዬ።"

"ክፈቺላቸው በቃ። ደክሞኛል።"

ልጅ ሳለሁ ሌሊት ስፈራ እንዳልተኛ አውቆ እስከ ንጋት አብሮኝ ይቀመጥ ነበር። ያኔ አንድም ቀን ደክሞኛል ብሎኝ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው በሩ ስር ቁጭ ብዬ ነው። ቁልፉ ግራ እጄ ውስጥ ነው። በራሴ ገጽ ሳይሆን ለናንተ የምልከው ስለማታውቁኝ ነው። ከበሩ ማዶ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። በበሩ ስር የነጠላ ጥለት ይታየኛል። የእትዬ ሰርክ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። የምታውቁት ነገር ቢኖር እንኳን ከስር አትጻፉ። በስልክ አትንገሩኝ። እትዬ ሰርክ እንዳሉት... በወጉ ልስማው።

አሁን ልከፍት ነው።

ወደ ወጥ ቤቱ ዞሬ ማየት ፈራሁ። ከበሩ አጠገብ ባለው መጋረጃ ጥግ ወደ ውጭ ብቻ አየሁ።

ክፍት የተተወው ቦታ ተሞልቷል።

ቫኑ ገብቶ ቆሟል። ኢዮኤል እንደሚያቆመው ቀጥ ብሎ፣ ጠርዙን ሳይነካ። የፊቱ ብረት ተጨማድዷል። አንድ መብራቱ ብቻ በርቷል።

የሹፌሩ ወንበር ላይ ማንም የለም።

መስታወቱ ግን... ከውስጥ በትንፋሽ ደብዝዟል።