ዘንዶው ከሞተ በኋላ ያላረፈችው ተራራ

ዘንዶው ሐርጋም በተገደለ ማግስት በገላምድር ታላቅ ድግስ ተደገሰ፤ እህል የቀመሰ ሰው ግን አልነበረም። የሚበላው ጠፍቶ አይደለም። በከርስ ሸለቆ ጎተራው ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ወፍጮዎቹ ግን አንዲት ፍሬ አንፈጭም ብለው ቆመዋል። ሊቃውንቱ «ይህ ክፉ ምልክት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ሊቃውንትም አልፎ አልፎ ይሳካላቸዋል።

ገላምድር እንደ ሌሎች አገሮች አልነበረችም። በመካከሏ ልብ-አምባ የምትባል ተራራ ሌት ተቀን ትመታለች፤ በምቷም ቀያይ ወንዞች ወደየአውራጃው ይጓዛሉ። ጠላት ሲመጣ ከራስ-ግንብ የማንቂያው መለከት ይነፋል። ያን ጊዜ ተራራዋ ትፈጥናለች፣ የእስትንፋስ ዋሻዎች ነፋሳቸውን ያጣድፋሉ፣ ወፍጮ የሚያዞረውም ውኃ ወደ ተዋጊዎቹ ይዞራል። ዘንዶ ደጅ ቆሞ ማን ዱቄት ያስፈጫል? ጠላት ሲሞት ደግሞ ከዚያው ግንብ የዕረፍት ጠል በሯጮች እጅ በረጅሙ መንገድ ይወርድና ሁሉም ይረጋል። አሁን ግን ወራት አልፈው፣ የዘንዶው አጥንት በፀሐይ ነጥቶ ሳለ መለከቱ ገና ይጮኽ ነበር። ሰው ቁጭ ብድግ ይላል፤ ባል ሚስቱ ስታስነጥስ ጦሩን ይመዛል።

ዜናዊት ከራስ-ግንብ ሯጮች ሁሉ ፈጣኗ ነበረች። እንደ ግንቡ ሯጮች ሁሉ ነጭ ካባ ትለብሳለች፤ ካባው በስብ የተነከረ ነውና የለበሰው ሰው በመንገድ ዳር ከተተከለ ምሰሶ ወደ ምሰሶ እየዘለለ ይበራል። እናቷ ጥሬወርቅ በከርስ ሸለቆ ወፍጮ ጠባቂ ናት። ዜናዊት ልታያት በወረደች ጊዜ እናቷ ከሲታ ሆና፣ ዓይኗ ፈጦ፣ የቆመ ወፍጮ በእጇ ልታዞር ስትታገል አገኘቻት። እንቅልፍ ካየች ወራት አልፏል። ልጅቷ ያንኑ ዕለት ወደ ንጉሡ ወጣች።

ንጉሥ ኤርሶም ዓይኑ ደም መስሎ፣ ሰይፉን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጦ ነበር።

«መለከቱን የማስቆመው ከድንበር ‹ሰላም ነው› የሚል መልእክተኛ ሲመጣልኝ ነው!» አላት።

ዜናዊት ደነገጠች። የድንበር ዘቦች ከጥንት ጀምሮ ሯጭ የሚልኩት እሾህ ሲወጋቸው፣ እሳት ሲፈጃቸው፣ ብርድ ሲቆነድዳቸው ነው። ምንም አልሆንንም ብሎ ሯጭ መላክ በገላምድር ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። ንጉሡ በዚሁ ሥርዓት አድጎ የማይመጣ መልእክተኛ ይጠብቃል!

«ንጉሥ ሆይ፣ ዘቦቹ ደህና ሲያድሩ ማንን ልከው ያውቃሉ? ዝምታቸው እኮ ነው መልእክቱ» አለች ተንበርክካ።

«ዘንዶውም የመጣው በዝምታ ነበር» አለ ንጉሡ።

«እውነት ነው። ነገር ግን እናቴ በሞላ ጎተራ መካከል በረሃብ ልትሞትብኝ ነው። ተራራዋም ከዚህ በላይ አትችልም። እሷ ከተሰነጠቀች ሐርጋም ያልጨረሰውን እኛው ራሳችን ጨረስነው።»

በዚህ ጊዜ ከሩቅ ድንጋይ የሚሰነጠቅ ድምፅ ተሰማ፤ የዙፋኑ ወለል ተናወጠ። ንጉሡ ሰይፉን ከጭኑ አውርዶ ወለሉ ላይ አኖረ። ከዚያም ከዙፋኑ ሥር አንዲት ብልቃጥ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት።

«የዕረፍቱን መንገድ ሯጮች ለጦርነቱ ወስጄአቸው ነበር፤ ጠባቂ ያጣው መንገድ ፈርሷል። ይህ ጠል ተራራዋ ደጅ ከደረሰ ሯጮቹን እመልሳለሁ፤ መለከቱንም አስቆማለሁ።»

«በነጩ ካባዬ እምላለሁ! ጠሉ ተራራዋ ደጅ ሳይፈስ ፊቴን አላዞርም!»

አብሯት የወጣው ጉግሣር ነበር፤ በጦርነቱ መለከት ነፊ የነበረ፣ አሁን ከንፈሩ ቆስሎ በሌላ የተተካ ጎልማሳ። «በገዛ ትንፋሼ ያስደነበርኳት ተራራ ናት። ብቻሽን አትሄጂም፣ እህቴ» አላት። የራሱን መለከት እንዳነገተ ነበር።

መንገዱ በጉሮሮ በር ወርዶ በእስትንፋስ ዋሻዎች በኩል ያልፋል። በዋሻዎቹ ነፋሱ እያለከለከ ይገባል፣ ይወጣል፤ ሁለቱ መንገደኞች ግድግዳ ሙጥኝ ብለው አለፉ። እንደ ወጡ ቋጥኝ ተንዶ አጠገባቸው ወደቀ። የጉግሣር እጅ ሳያስበው መለከቱን ከአፉ አደረሰ። ዜናዊት ዘላ ክንዱን ያዘች።

«እዚህ ብትነፋ ተራራዋ ትፈርሳለች!»

ጉግሣር ላብ አጠመቀው። መለከቱን ከድንጋይ ላይ ሊከሰክሰው አነሳ። «ይህ እርኩስ ነገር ይሰበር! ያኔ ሁላችንም እናርፋለን!»

«አትስበረው! ነገ ሌላ ዘንዶ ቢመጣ ተኝተን ሳለን ሊበላን ነው? የሚያነቃም የሚያስተኛም ያስፈልገናል። የጠፋብን ሁለተኛው ነው።»

ከልብ-አምባ ግርጌ ሲደርሱ መንገዱ ራቁቱን ተዘርግቶ አገኙት። እንደ ዜናዊት ካባ በስብ የተነከረው ነጭ ልባሱ በጦርነቱ ተልጦ መሬቱ የረገጠውን ሁሉ ጉልበት ይመጥጣል። ጉግሣር አንድ እግሩን አሳርፎ ወዲያው ሰበሰበው፤ ደንዝዞ ነበር።

«አንቺ ካባ ለብሰሻል። ዘልለሽ እለፊ» አላት።

ዜናዊት ልትዘል ተነሳች፤ ከዚያም ቆመች። እሷ ዛሬ ብታልፍ ተራራዋ ዛሬ ትረጋለች። ነገስ? ልብ-አምባ አይዞሽ መባልን በየትንፋሹ ትፈልጋለች፤ ሯጭ ያለማቋረጥ ሊመላለስ ይገባል። የዕረፍቱ መንገድ ሯጮች ደግሞ እንደ እሷ ካባ የላቸውም፤ ልባስ የሌለው መንገድ አያሳልፋቸውም። ካባዋን ብትተው ሩጫዋ፣ ስሟ፣ እግሯም ይቀራል። ፈራች። ሆኖም ካባዋን አውልቃ ትቀደው ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ጮኸ ጉግሣር።

«ብልቃጡን ያዝ። እኔ ሳነጥፍ አንተ ከኋላዬ እየረገጥክ ና።»

በባዶ እግሯ ባዶውን መሬት እየረገጠች ቁራጩን አነጠፈች። መጀመሪያ ጣቶቿ ጠፉባት፣ ቀጥሎ ተረከዟ፣ ከዚያም ጉልበቷ ከዳት። የመጨረሻውን ቁራጭ በደረቷ እየተሳበች አነጠፈችው። ጉግሣር እያለቀሰ በላዩ አልፎ ጠሉን በተራራዋ ደጅ አፈሰሰ። ቁልፍ ቀዳዳውን እንደሚያገኝ ጠሉ ወደ ውስጥ ገባ።

ልብ-አምባ አንዴ መታች። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ቆዩ። ደግማ መታች፤ ቀስ ብላ፣ ጠልቃ። ዋሻዎቹ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ በራስ-ግንብም መለከቱ ዝም አለ።

ጉግሣር ዜናዊትን አዝሎ ተመለሰ። ጀግናይቱን በእልልታ የተቀበለ አንድም ሰው አልነበረም። ከዕረፍቱ መንገድ ሯጮችና ከድንበር ዘቦች በቀር አገሩ ሁሉ ተኝቷል። ንጉሡም፣ አሉ፣ ዘውዱ አፍንጫው ላይ ተንሸራቶ ያንኮራፋ ነበር። በከርስ ሸለቆ ወፍጮዎቹ እየዞሩ ነው፤ ጥሬወርቅ አፏ በዱቄት ነጥቶ፣ ጆንያ ተደግፋ ተኝታለች።

«ልቀስቅሳት? ያደረግሽውን ትስማ እንጂ» አለ ጉግሣር በሹክሹክታ።

«ተዋት። ትተኛ» አለች ዜናዊት።

ከእናቷ አጠገብ አስቀመጣት። ጥሬወርቅ ሳትነቃ እጇን ዘርግታ የልጇን ቀዝቃዛ እግር አገኘችና በመዳፏ ይዛ ታሞቀው ጀመር። ዜናዊት የእናቷን እጅ እያየች አለቀሰች፤ ሙቀቱ አልተሰማትም።