ከመኪና መስኮት የታየው ገብስ

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በመስከረም አጋማሽ፣ የደሃና ወረዳ ገብስ ከመኪና መስኮት ሲያዩት ቆሞ ነበር፤ ቆሞ መታየቱም ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ በቃው። ከጎጃም ተመድቦ ሰቆጣ ከገባ ስድስት ዓመት የሆነው የሰብል ባለሙያ፣ አቶ የሻምበል ገበየሁ፣ ከመኪናው ሳይወርድ «ሰብሉ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ጻፈ፤ ዓረፍተ ነገሩንም ካለፈው ዓመት ሪፖርት እንዳለ ገለበጠው። ክፉ ሰው አልነበረም። ምሳው በሰዓቱ የሚቀርብለት፣ ፍራሹ የሚመቸው፣ እግሩ መንገድ የረሳ ሰው ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

በጥቅምት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት የሚባሉ የደሃና ገበሬ አንድ ቀን ተኩል በእግራቸው ተጉዘው ቢሮው ገቡ። መንደራቸው በእሱ ሪፖርት ምክንያት ከእርዳታ ውጭ ሆኖ ነበር። ሴትዮዋ አልጮኹም፤ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የገብስ ዛላ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እስቲ በመዳፍህ እሸው፣ ልጄ» አሉት፤ አማርኛቸው የአገራቸው ቋንቋ የኽምጣኛ ቃና ነበረበት።

አሸና እፍ አለበት። መዳፉ ላይ አንዲት ፍሬ አልቀረችም።

«እኛ ዘንድ ሰብል እንዲህ ነው የሚታይ። ሳትወርድ፣ ሳታሸው፣ ምን ብለህ ጻፍህ?»

«መውረዱ ከብዶኝ ነው፣ እናቴ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። መልሱ ራሱንም አስጠላው።

በማግስቱ ከእሳቸው ጋር በእግሩ ወደ ደሃና ወጣ፤ መደብ ላይ ተኛ፤ እንደ መንደሩ ሰው በቀን አንድ ጊዜ በላ። በየማለዳው ጫማውን ከማሰሩ በፊት «ያላሸሁትን አልጽፍም» ይላል፤ ከዚያ በየማሳው ይዞራል። ቀላል አልነበረም። እግሩ ውኃ ቋጠረ፤ በሦስተኛው ቀን ጉንፋንን፣ በአምስተኛው ስብሰባን ሰበብ አድርጎ ሊመለስ ቃጣው፤ በራሱ እየተናደደ ቀጠለ።

የታረመውን ሪፖርት ይዞ ሰቆጣ ሲመለስ አለቆቹ የተላከ ሪፖርት እንዴት ይሻራል ብለው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አንከራተቱት፤ ትናንት እሱም እንዲሁ ተቀምጦ ሰው ያመላልስ ነበርና የሚወቅሰው አጣ። በመጨረሻ ተቀበሉት፤ እህሉ ደሃና የደረሰው ግን በጥር ነው። ያን ጊዜ የወይዘሮ ወለተ ሰንበት ልጅ ቅጣው ባሕር ተሻግሮ ሥራ ሊፈልግ ከወጣ ወር አልፎት ነበር፤ ድምፁም አልተሰማም።

ታሪክ ያን ዘመን በድርቅ መዘገበው፤ ዝናቡ ቀረ አለ፤ እውነት ነው። ከመኪና ያልወረደውን ሰው ግን ማንም አልጻፈውም፤ መዝገብ ቤት የቀረውም የመጀመሪያው ሪፖርት ነው። የሻምበል እስከ ዛሬ በየመስከረሙ ደሃናን በእግሩ ያዳርሳል፤ ገብሱን ያሻል። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ከማሳቸው ዳር ሲያገኙት «በረታህ፣ ልጄ» ይሉታል። እሱ ግን ቅጣው ደውሎ እንደሆነ ሊጠይቃቸው አንድም ቀን አልደፈረም።