ወደ ግራ የሚከፈተው በር

ሠፈሩ «ሚሊሜትር» እያለ የሚጠራው አናጢ፣ ሲያገባ የሚገባበትን ቤት ስድስት በሮች በገዛ እጁ ሠርቶ ጨርሷል። የቀረው እጀታና ቁልፍ ነበር። እጮኛው ነርሷ «እሱን ለኔ ተወው» ስላለች፣ ቅዳሜ ጠዋት አብረው የበር ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ገቡ።

ባለሱቁ ረጅም፣ ጥርሱ የሚያምር፣ ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ ሰው ነው። ቀና ብሎ አያት።

«ቁንጫ! አንቺ ነሽ?»

ነርሷ አፏን ይዛ ሳቀች። አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው። አናጢው በሁለት ዓመት ፍቅር ውስጥ ይህን ቅጽል ስም ሰምቶት አያውቅም። ፍቅርና ጉንፋን አይደበቅም ይላሉ፤ ቅናትን ለምን እንደዘለሉት እንጃ። ፊቱ ልውጥ አለ።

ባለሱቁ የሚያብለጨልጩትን ቀለም ቅቦች ወደ ጎን ገፍቶ፣ ጫፉ ወደ ታች የታጠፈ የነሐስ እጀታ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«እጀታ በዓይን አይገዛም፤ ጨብጪው። ቀለም ቅቡ ዓመት ሳይሞላው ይላጣል። ይሄ ግን በተነካ ቁጥር እያማረበት ይሄዳል።»

«ከበደኝ እኮ።»

«ይክበድሽ፤ ጥሩ ነገር ነዋ» ብሎ አውራ ጣቷን በትክክል አስያዛት።

የነካው አንድ ጣት ነው። አናጢው ግን ዓይኑን ከዚያ ጣት መንቀል አቃተው። እሷ ዓይኗን ጨፍና እጀታውን ስትዳብስ አየ፤ ባለሱቁ ደግሞ እሷን ሲያይ አየ።

«ለመኝታ ቤታችን ይሄን፣ ከነቁልፉ» አለች።

«በሩ በቀኝ ነው በግራ የሚከፈተው?» ሲል ባለሱቁ አናጢውን ጠየቀው።

«በቀኝ» አለ፣ ብቻ ቶሎ እንዲወጡ።

ከሰዓት በኋላ ሊገጥመው ሲል ጉዱ ወጣ። በሩ የግራ ነው። እጀታው ጫፉን ወደ ሰማይ ቀሰረ፤ የቁልፉ ምላስም ተገልብጦ በሩ ቢገፉት አልዘጋ አለ። የገዛ በሩ ግራና ቀኝ የጠፋበት አናጢ! ይህን ከሚናገር ቢሞት ይሻለው ነበር።

«የማይረባ ዕቃ ነው የሸጠልን» አለ።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች ፈገግ ብላ። «ግድ የለም፣ ሰኞ ሄጄ አስቀይረዋለሁ።»

«እሱ ዘንድ መሄጃ ሰበብ አገኘሽ።»

ፈገግታዋ ጠፋ። ቦርሳዋን አነሳች።

«ሠርጉ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። የማያምነኝ ሰው ቤት ግን አልገባም። አስብበት» አለችና ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

እሑድን እህል እንጨት እንጨት ሲለው ዋለ። ሰኞ ማለዳ ዕቃውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሱቁ በር ላይ ተገኘ። ባለሱቁ የግራውን አዘጋጅቶ ጠበቀው።

«ደውላልኝ ነበር። ‹ከገዛን በኋላ በሩ በግራ ይሁንልኝ ብዬ ያስለወጥኩት እኔ ነኝ፤ እሱ በሙያው አይሳሳትም› አለችኝ።»

አናጢው ደነገጠ። ያንን ሁሉ ተናግሯት፣ እሷ ስሙን ጠበቀችለት፤ ያውም በዚህ ሰው ፊት። አሁን ዝም ቢል ክብሩን እንደያዘ ይወጣል።

«አላስለወጠችኝም» አለ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ስትጠይቀኝ ዓይኔ እናንተ ላይ ነበር።»

ባለሱቁ ትንሽ አየውና ሳቀ። «ድሮ እኔም ደብዳቤ ጽፌላት ነበር። የፊደል ግድፈቱን በቀይ እስክሪብቶ አርማ መለሰችልኝ።»

አናጢውም ሳቀ። በሳቁ መሃል ግን ደግሞ ቀና፤ እሱ አንዲት መስመር እንኳ ጽፎላት አያውቅም።

በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ሄደ። ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የሥራ ልብሷን አዝራር ትሰፋለች።

«ቀንቼ ነው» አለ እንደቆመ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ለባለሱቁም ነግሬዋለሁ።»

መርፌዋ ቆመ። «ለሱ ነገርከው?»

«አዎ። አሁንም እቀናለሁ። የሚለቀኝም አይመስለኝም።»

መርፌዋን እንደገና አዝራሩ ውስጥ አስገባች።

«እኔስ?» አለች፣ ቀና ሳትል። «እንጨት ስትልግ እያዋራኸው ነው። ‹ቀስ በል፣ የኔ ጌታ› ትለዋለህ። እኔን እንደዚያ ብለኸኝ አታውቅም። በሳንቃ ቀናሁ ብዬ ለማን ልናገር?»

ወደ አግዳሚው ቀረብ አለ።

«ትንሽ ጠጋ በይልኝ፣ የኔ እመቤት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጠጋ አለችለት።