ሽቦ ያላደረሰችው ቃል

ሽቦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነች። ሽቦ ያሏት ቀጭን ስለሆነች ነው። ቤታቸው ከአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ነው። (ልጆች፣ እኔም ዛሬ ደክሞኛል፤ እባካችሁ ወንበሩን አታንቋቁ።)

አባቷና የአባቷ ታላቅ ወንድም ጋሼ አብረው ይሠራሉ፤ ግን አይነጋገሩም። ታላቁ አንድ ቀን በደንበኛ ፊት «የወንድሜን ሥራ አትመኑ» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተኳረፉ። አንድ ጣውላ በሁለት ጫፍ ይዘው ሲገዘግዙ እንኳ የሚነጋገሩት በሽቦ በኩል ነው።

«ንገሪው፣ ቀስ ይበል።»

«ጋሼ፣ ቀስ በል ብሎሃል።»

«ሰምቻለሁ በይው!»

አትሳቁ። አባቷ እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ እህልም አልወርድ ብሎታል። ጋሼም በትንሹ በትልቁ ይቆጣል። ሽቦ ደግሞ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ መላላክ ትጀምራለች። ምን ታድርግ፣ ሰለቻት።

አንድ ቀን አባቷ ቁም ሣጥን ሊያደርስ ወጣ። ጋሼ መላጊያውን አስቀምጦ ጠራት።

«ሽቦዬ፣ አባትሽን ‹አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ› በይልኝ። ፊት ለፊት ልነግረው አፈርኩ።»

«እሺ ጋሼ።»

አባቷ ሲመለስ ግን ሽቦ አልጋዋ ላይ ተዘርራ ነበር። «ዛሬስ በቃኝ!» አለች በልቧ።

«ጋሼ ምን አለ?» አላት አባቷ። ሁልጊዜ ይጠይቃት ነበር፣ ምስኪን።

«ምንም አላለም።»

አባቷ ፊቱን አዞረ። አያችሁ ልጆች? አንዲት ቃል ናት እኮ።

ጋሼ መልስ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚነግረው ጠፋ። በመጨረሻ መጋዙንና መዶሻውን ሣጥን ውስጥ መክተት ጀመረ።

«ወዴት ነው ጋሼ?» አለችው ሽቦ መጥታ።

«ወንድሜ ይቅር አላለኝም። ሌላ ቦታ ሥራ እፈልጋለሁ።»

ሽቦ ደነገጠች። ሮጣ አባቷ እግር ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ! ጋሼ ይቅር በለኝ ብሎህ ነበር። ደክሞኝ ተውኩት!»

አባቷ ሊቆጣት አፉን ከፈተ። ከዚያ የከሳ ፊቷን አየና አቀፋት።

«ይህን ሁሉ የጫንንብሽ እኛ ትልልቆቹ ነን። ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ። አንቺም ይቅር በይን።»

ተነሥቶም ራሱ ሄደ። «ጋሼ፣ ዕቃህን አውጣ። እኔም ልቤን አደንድኜብህ ነበር።»

ጋሼ ወንድሙ አንገት ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ሽቦ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ማንም አልላካትም። «ተመስገን» ብላ ገብታ ተኛች። አባቷም በዚያ ቀን እንቅልፍ ወሰደው።

ልጆች፣ በአደራ የተሰጣችሁን ቃል አድርሱ፣ የበደላችሁንም ይቅር በሉ፤ ቂም የያዘ ሰው ትልቅ ቢሆንም ዕረፍት የለውምና።