ድንበር የተሻገረው ጾም

«ደብቂው! ጾመኛዋ መጣች!»

ሐቢባ ይህን እያለች የወተቱን ቅል ከልጇ ከኩብራ አፍ ላይ ነጥቃ ከጀርባዋ ሸሸገችው። የአራት ዓመቷ ኩብራ ነጭ ሪዝ እንዳበቀለች አፏን ከፍታ ቀረች፤ ከዚያ እሪታዋን ለቀቀችው። ደጃፉ ላይ የቆመችው የአሥራ አራት ዓመቷ አየሁሽ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ላያት ሰው ጨዋ ጾመኛ ትመስላለች። ውስጧ ግን ቅሉን ቀምቶ ለመሮጥ ምንም አልቀረው።

ጣሊያን መተማ ከገባ ዓመት አልፎታል። አባቷ ደምለው ቀድሞ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ነበር። ገዳሪፍ ላይ ግንበኛ ሆኗል የሚል ወሬ ሲሰሙ፣ እናትና ልጅ ስልቻቸውን በጀርባቸው አዝለው ተከተሉት። የድንበሩን ወንዝ ተሻገሩ፤ ኮረብታ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ትንንሽ ከተሞችን በእግራቸው አለፉ። በአንደኛዋ ውሻ አባረራቸው። በሁለተኛዋ አንድ ባለሱቅ የአየሁሽን የገበያ ዓረብኛ ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሦስተኛዋ ላይ እናቷን አገኘሽን ወባ ጣላት። ሐቢባ «የአላህ እንግዶች» ብላ አስገባቻቸው። በዚያው ቀን ካሏት አራት ፍየሎች አንዱን አሳረደችላቸው።

ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። እነ አየሁሽ ክርስቲያን ናቸው፤ ሙስሊም ያረደውን አይበሉም። አገኘሽ ከተኛችበት «ሳታስቀይሚ እንቢ በይልኝ፤ ደግ ሴት ናት» አለቻት። ዓረብኛ የምትችለው አየሁሽ ብቻ ናት። ምላሷ ደግሞ ከእግሯ ይቀድማል።

«ኻልቲ» አለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው፤ «ጾም ላይ ነን። ሥጋም ወተትም አንነካም።»

«ስንት ቀን?»

አንድ ብትል ምን ነበረበት! «አርባ!» አለቻት።

ሐቢባ እጇን ደረቷ ላይ አኖረች። ጎረቤቱን ሁሉ «ጾመኛ አትፈትኑ» ብላ አስጠነቀቀች። ማታውን ወደ አየሁሽ ጠጋ ብላ «ልጄ መሐመድ ለንግድ ወደ እናንተ አገር ከተሻገረ ሦስት ወሩ ነው፤ ድምፁ ጠፋ። የጾመኛ ጸሎት ይሰማል። ስሙን አንሺልኝ» አለቻት። አየሁሽ «እሺ» አለች። አንድ ቀንም አላነሣችውም።

ዛሬ አምስተኛው ቀን ነው። ትኩሳቱ አገኘሽን ቢለቃትም፣ ኪስራ የሚሉት ስስ የማሽላ ቂጣ ከጉሮሮዋ አልወርድ ብሏል። ከደረቀ ባምያ የሚሠራውን የወይካ ወጥ ደግሞ ገና ስታሸተው ያቅለሸልሻታል። የሐቢባ ወንድም ኢሳ ዛሬ ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ግመሎቹን ወደ ገዳሪፍ ይነዳል። «ግመል ላይ መቀመጥ ከቻለች እወስዳታለሁ። ካልቻለች ግን በረሃ ላይ አስከሬን አልሸከምም» ብሏል። ሰማዩ ጠቁሯል። አንድ ዝናብ ከጣለ ዋልካው ግመል ይውጣል፤ ሌላው ጉዞ ከክረምት ወዲያ ነው።

አየሁሽ ወደ እናቷ ተመለሰች።

«ፍየል ሲታለብ እሰማለሁ» አለች አገኘሽ በደከመ ድምፅ። «እንዲህ ያለች ደግ ሴት ጠብታ ወተት የነፈገችን ምን ብናደርጋት ነው?»

አየሁሽ ነገረቻት።

«አርባ ቀን?»

«አፌ አመለጠኝ።»

«በበዓለ ሃምሳ? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት? ሁዳዴን ከነሕማማቱ አዝለሽ ድንበር አሻገርሽው?» ሳቅ ጀመራት፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ አንገቷን አስደፋት። አየሁሽ ደግፋ ስታስተኛት የትከሻዋ አጥንት እጇን ቆረቆራት።

ቀላል መውጫ ነበራት። «ኻልቲ፣ ለታመመ ሰው ጾሙ ይነሣል» ብትል ሐቢባ ወተቱን ይዛ ትሮጥ ነበር። ደግሞስ የታመመ መቼ ይጾማል? አየሁሽ ቃሉን በዓረብኛ እየደረደረች ግቢውን አቋረጠች።

ሐቢባ አሁንም ኩብራን እያባበለች ነበር። ቀና አለችና፣ «ዛሬስ ስሙን አነሣሽልኝ?» አለቻት።

የደረደረችው ሁሉ ተበተነ።

«ጾም የለም፣ ኻልቲ» አለች አየሁሽ። «ጸሎትም አላደረስኩም። እኛ የኛ ሰው ያላረደውን አንበላም። እንዳይከፋዎት ብዬ ዋሸሁ። እናቴ ደግሞ ወተት ካላገኘች አትነሣም።»

ሐቢባ ኩብራን ከጭኗ አወረደች።

«እኔስ እናንተ ያረዳችሁትን የምበላ ይመስልሻል?» አለች። «ይህን ብትነግሪኝ ምን ይከፋኛል? ልጄን በገዛ ቤቷ ወተት ሸሸግኩባት።» ቅሉን እስከ አፉ ሞልታ አቀበለቻት። «ለእናትሽ ነው። አጠጪያትና ተመልሰሽ ነይ። የመሐመድን ነገር ገና አልተነጋገርንም።»

አገኘሽ ወተቱን ጠጥታ ተኛች። አየሁሽ ስልቻዎቹን አሰረች፤ ፈታች፤ እንደገና አሰረች። እናቷ ስትነቃ ማንም ሳይደግፋት ተቀመጠች። የዓስር ሶላት አልቋል፤ ውጭ ኢሳ ግመሎቹን እያንበረከከ ይጮኻል። ትንሽ ብትቆይ ጉዞው ይጀመራል፤ የመሐመድም ነገር ሳይነሣ ይቀራል። ሐቢባ እንደሆነች መጥታ አትጠራትም።

አየሁሽ ተነሣች።

«ወዴት ነሽ?» አለች አገኘሽ።

«ኻልቲ ጋ።»

«ደግሞ ምን ልትያት?»

«እንጃ» አለች አየሁሽ። እውነቷን ነበር፤ ምላሷ ላይ አንድም የተዘጋጀ ቃል አልነበረም። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።